ርዕሰ መምህር ሲመጣ፣ ርዕሰ መምህር ሲሄድ

በቪከሪ ሜዶ ለወላጆችና ለመምህራን የቀረበ ዲስኩር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «አዲስ ርዕሰ መምህር የቆየ ልማድ ባለው ትምህርት ቤት ውስጥ ለውጥን እንዴት ይመራል?» የሚል ነው። ለርዕሳነ መምህራን ሥልጠና የተዘጋጀ ጥያቄ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከማንም በላይ የወላጅ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

የምለውን አስቀድሜ በአጭሩ ልናገር። ርዕሰ መምህር ለውጥ ሊጀምር ይችላል። ለውጡ ዕድሜ የሚያገኘው ግን እርሱ ሲሄድ እዚያው የሚቀሩት ሰዎች የራሳቸው ገንዘብ ሲያደርጉት ነው። ስለዚህ አዲስ የመጣን ርዕሰ መምህር መመዘን ያለብን ለቀሪዎቹ በሚያስረክበው ነገር ነው። ቀሪዎቹ ደግሞ መምህራኑና እናንተ ናችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ «ዓ.ም.» ብዬ ካልለየሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ከተቀመጥንበት ሰፈር እንጀምር። ቪከሪ ሜዶ በቴክሳስ፣ በዳላስ ከተማ፣ ከሴንትራል ኤክስፕረስዌይ በስተምሥራቅ፣ ከኖርዝፓርክ የገበያ ማዕከል ማዶ ያለ የአፓርታማ ሰፈር ነው። ብዙዎቹ ሕንፃዎች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሲሠሩ የታሰቡት ልጅ ለሌላቸው ወጣት ሠራተኞች ነበር። በ1988 የፌዴራሉ የመኖሪያ ቤት ሕግ ተሻሽሎ ተከራይን «ልጅ አለህ» ብሎ መመለስ ሲከለከል ቤተሰቦች መግባት ጀመሩ። ከዚያም ከየአህጉሩ ስደተኛው መጣ፤ እኛ ኢትዮጵያውያንም መጣን። ለሕፃናት ሳይታሰብ የተሠራ ሰፈር በሕፃናት ተሞላ። ትምህርት ቤቶቹ የደረሱት ዘግይተው ነው።

ልጆቻችን በየቀኑ የሚጠሯቸው የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ስሞች የማን እንደሆኑ ማወቅ ይጠቅመናል። ሳም ታስቢ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተሰየመው በአንድ አባት ስም ነው። ሳም ታስቢ ልጆቻቸው ቅርብ ያለውን የነጮች ትምህርት ቤት እያለፉ ሩቅ ወዳለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት መሄዳቸው አንገብግቧቸው በ1970 የዳላስን የትምህርት አስተዳደር ፍርድ ቤት አቆሙት። ያ ክስ የከተማዋን ትምህርት ቤቶች እስከ 2003 ድረስ በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር አቆይቷል። ኤመት ኮንራድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ በ1967 ለዳላስ የትምህርት ቦርድ በተመረጡት የመጀመሪያው ጥቁር፣ በቀዶ ሐኪሙ በዶክተር ኤመት ኮንራድ ስም ይጠራል። ጃክ ሎው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተሰየመላቸው ጃክ ሎው ነጋዴ ነበሩ። በ1970ዎቹ ከተማዋ በዘር መለያየትን እንዴት ትተው በሚለው ክርክር ውስጥ ተቃራኒ ወገኖችን ለማስማማት ከደከሙት አንዱ ናቸው። በኩባንያቸው ውስጥም «መሪ ማለት በመጀመሪያ አገልጋይ ነው» የሚለውን የሮበርት ግሪንሊፍን ሐሳብ ለሠራተኞቻቸው አስፋፍተዋል።

አንዱ ከሰሱ፣ አንዱ ተመረጡ፣ አንዱ አስማሙ። ከሦስቱ አንዳቸውም ርዕሰ መምህር አልነበሩም። በዳላስ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከአባትነት፣ ከዜግነትና ከሽምግልና ነው።

ይህን ያልሁት የርዕሰ መምህሩን ድርሻ ለማሳነስ አይደለም። በ2021 የዋላስ ፋውንዴሽን ያሳተመው ሰፊ ጥናት ደካማ የሚባለው ርዕሰ መምህር በጠንካራ ቢተካ የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በሒሳብ የ2.9 ወር፣ በንባብ የ2.7 ወር ያህል ተጨማሪ ትምህርት እንደሚያገኙ ገምቷል። አንድ ጎበዝ መምህር የክፍሉን ልጆች ያነሣል፤ አንድ ጎበዝ ርዕሰ መምህር ግን በግቢው ውስጥ ያሉትን ሁሉ ይነካል።

በአገራችንም ያየነው ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ፣ ጥብቅ ቁጥጥር ተደርጎበት በተሰጠ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ሆኑ። በመጀመሪያው ዓመት ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ጦርነቱ፣ ድህነቱና የመምህር እጥረቱ ያደረሱትን ጉዳት ትቶ ሁሉን በርዕሰ መምህራኑ ላይ መጫን ግፍ ነው። ነገር ግን ፈተናውን ማጥበቅ ሕመሙን አሳየ እንጂ አላዳነም። ማዳን በየትምህርት ቤቱ የሚሠራ ሥራ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቀድሞ የሚጠየቀው ርዕሰ መምህሩ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው የቆየ ትምህርት ቤት ሲረከብ ምን ያገኛል? ልማድ ያገኛል። ልማድ ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። የአገራችንን የቆሎ ትምህርት ቤት እንውሰድ። ልምጩንና በፍርሃት መማርን ማንም መልሶ አይሻም። ግን በዚያው ቤት ውስጥ ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ ያስተማረውም እያስተማረ ይጠነክራል። የቅኔ ተማሪው በየቀኑ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም በባልንጀሮቹ ፊት ያርመዋል። ዛሬ የትምህርት ባለሙያዎች «ተማሪ ለተማሪ ያስተምር፣ ተማሪው ራሱ ይፍጠር፣ እርማቱ ሳይዘገይ ይድረሰው» ሲሉ የሚመክሩን ይህንኑ ነው። «ይህ ሁሉ አሮጌ ነው» ብሎ የመጣ ርዕሰ መምህር ልምጩን ሲጥል ቅኔውንም አብሮ ይጥላል። አዲስ ሊጥ የሚቦካው ከቀደመው በተረፈ እርሾ ነው፤ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው።

የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ታሪክ እዚህ ላይ ይረዳናል። በ1925 የተከፈተው ትምህርት ቤት ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1945፣ ለካናዳውያን ኢየሱሳውያን ተሰጠ። የመሩትም ሉሲየን ማት ነበሩ። የኦርቶዶክስ ንጉሠ ነገሥት የካቶሊክ ካህናትን ለትምህርት ቤት ሲጠሩ ሕዝቡ ምን ሊጠረጥር እንደሚችል መገመት አያዳግትም። እነርሱም ሊሰብኩ ሳይሆን ሊያስተምሩ እንደመጡ ተስማምተው፣ የካህን ልብሳቸውን ትተው በሲቪል ልብስ ገቡ። ከዚያ በኋላ ነው ጥብቅ የጥናት ሥርዓታቸውን የተከሉት። ማት በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ከመጀመሪያው ለማቋቋም የተመረጡት በዚያ ሥራቸው ነው። አዲስ መሪ የገባበት ቤት ምን እንደሚፈራ ማወቅና ያንን ፍርሃት ማክበር እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

ከሁሉ በላይ ግን የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ሥራ ላንሣ። ወይዘሮ ስንዱ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በስዊዘርላንድ ተምረዋል። በወረራው ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈዋል፤ ተይዘውም በጣሊያን አገር፣ በአዚናራ ደሴት ታስረዋል። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትን በኃላፊነት የመሩ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ትምህርት ቤቱ በ1931 ሲከፈት መሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ልጃገረድን ከትዳርና ከቤት ሥራ አስቀርቶ ወደ ቀለም መስደድ ለብዙው ቤተሰብ ገና እንግዳ ነገር ነበር።

ወይዘሮ ስንዱ ምን አደረጉ? ከአስተዳደሩ ሥራ ጎን ለተማሪዎቻቸው ቲያትርና መዝሙር ጻፉ። ልጃገረዶቹ በመድረክ ላይ ቆመው ስለ አገራቸው፣ ስለ አርበኞችና ስለ ነፃነት ተናገሩ። «የልቤ መጽሐፍ» የዚያ ሥራቸው ማስታወሻ ነው። ይህ ከመዝናኛ ያለፈ ብልኃት ነበር ብዬ አምናለሁ። የሴት ልጅ ትምህርት ምን ፋይዳ አለው ብሎ የሚጠራጠር አባት፣ ልጁ በሕዝብ ፊት ቀጥ ብላ ስትናገር ካየና ከሰማ በኋላ ጥርጣሬውን እንደያዘ መመለስ ይከብደዋል። ክርክር ያላሸነፈውን ልብ መድረክ ያሸንፈዋል። ርዕሰ መምህርቷ ለውጡን በመመሪያ አላወረዱትም፤ በልጃገረዶቹ አንደበት ውስጥ አስቀመጡት። እርሳቸው በ1957 ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው ከትምህርት አስተዳደር ወደ ሕዝብ አገልግሎት አለፉ። እቴጌ መነን ግን ሴቶችን ማስተማሩን ቀጠለ፤ ከዚያ የወጡት ሴቶችም መምህራን፣ ነርሶችና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ሆነው ወደ አገሩ ተሰራጩ።

ተቃራኒውንም እንይ። ከእናንተ መካከል በ1966 ዓ.ም. ተማሪ ወይም መምህር የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። የትምህርት ሴክተር ሪቪው የሚባለው ጥናት ከ1971 እስከ 1972 በብዙ ባለሙያዎች ተዘጋጅቶ ነበር። ዓላማው ጥቂት የከተማ ልጆችን ብቻ የሚጠቅመውን ሥርዓት ለውጦ ትምህርትን ወደ ገጠሩ ማድረስ ነበር። በዚህ ረገድ ተገቢ ሐሳብ ነበረው። ሆኖም ለሁሉ እንዲዳረስ የታቀደው ትምህርት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ነበር፤ ከዚያ ከፍ የሚሉትም ጥቂቶች ነበሩ። ሰነዱ ለረጅም ጊዜ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ። መምህራኑ ሊሠሩበት ነው፣ ወላጆቹ ልጆቻቸውን ሊሰጡበት ነው፤ ግን ማንም በቅጡ አላማከራቸውም። ይፋ ሲሆን «የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ነው» የሚለው ወሬ ከሰነዱ ቀድሞ በየቤቱ ገባ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ሰሞን የታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት አድማ መቱ። መንግሥት ዕቅዱን ለማንሣት ተገደደ፤ የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። የብዙ ሊቃውንት ድካም ወረቀት ሆኖ ቀረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ሰውን ሳያማክር የቸኮለ ደግሞ የሚለቅመውም አያገኝም።

አሁን ወደ ዳላስ እንመለስ። የዚህች ከተማ ትምህርት አስተዳደር ለዚህ ርእስ መላው አሜሪካ የሚያጠናው ምሳሌ አለው። በ2014 መምህራን በአገልግሎት ዘመን ብቻ ሳይሆን በማስተማር ውጤታቸው ተመዝነው የሚከፈሉበት ሥርዓት ጸደቀ። ብዙ ክርክር አስነሣ። በዚያ ምዘና ላይ ተመሥርቶ በ2015–16 የትምህርት ዘመን «ኤስ» የሚባለው ፕሮግራም ለዓመታት ውጤታቸው ወድቆ በቆየ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ተጀመረ። ለየትምህርት ቤቱ የተመረጠ ርዕሰ መምህር ተመደበ። መምህራኑ እንደ አዲስ ተመረጡ። በምዘናው ከፍ ያለ ደረጃ ያገኙ መምህራን ወደነዚህ ትምህርት ቤቶች ለመምጣት ከፈቀዱ በዓመት እስከ 10,000 ዶላር ተጨማሪ ተከፈላቸው። የትምህርቱ ቀን ረዘመ፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚቆዩ ልጆች እራት በሉ።

ውጤቱ ፈጣን ነበር። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ኤሪክ ሃኑሼክና ባልደረቦቻቸው እንዳጠኑት የእነዚያ ትምህርት ቤቶች የፈተና ውጤት ከዝቅተኛው ተነሥቶ ወደ ከተማዋ አማካይ ተጠጋ። «እነዚህ ልጆች አይችሉም» የሚለው የቆየ ሰበብ በማስረጃ ፈረሰ። ለዚህ ዳላስ ልትመሰገን ይገባታል።

ታሪኩ ግን በዚያ አላበቃም። ትምህርት ቤቶቹ ተሻሻሉ ተብለው ከፕሮግራሙ ሲወጡ ተጨማሪ ክፍያው ተነሣ። ከተመረጡት ጠንካራ መምህራን ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሄዱ። የልጆቹም ውጤት ካገኘው ከፍታ ብዙውን ያህል ተመልሶ ወረደ። ይህንን በጥሞና እንድታስቡት እለምናችኋለሁ። ርዕሳነ መምህራኑ ጎበዞች ነበሩ፤ መምህራኑም ጎበዞች ነበሩ፤ ሥራውም እውነተኛ ነበር። የጎደለው ለውጡን ከገንዘቡና ከመጡት ሰዎች በኋላ የሚሸከም ቀሪ አካል ነው። መምህራኑ ስለሄዱ አልወቅሳቸውም፤ ኑሮ አለባቸው። ከተማዋም ለጠንካራ መምህር የሚገባውን ክፍያ ዘላቂ ማድረግ ነበረባት። ነገር ግን መምህር እንዲሄድ ሲደረግ «ለምን?» ብሎ የቦርዱ ስብሰባ ላይ የሚቆም የተደራጀ ወላጅ ሲኖር ውሳኔውም ይከብዳል። ሳም ታስቢ ያስተማሩን ይህን ነው።

ቀሪውን አካል የሚያስተሳስረው ምንድን ነው? መተማመን ነው። አንቶኒ ብራይክና ባርባራ ሽናይደር በ1990ዎቹ የቺካጎን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ተከታትለው በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አሳይተዋል። በመምህራን፣ በወላጆችና በርዕሰ መምህሩ መካከል ጠንካራ መተማመን ካላቸው ትምህርት ቤቶች ከሁለቱ አንዱ ተሻሽሏል። መተማመኑ ደካማ ከሆነባቸው ግን ከሰባቱ አንዱ ብቻ ነው የተሻሻለው።

ይህ ሰፈር ያንን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። በ2014 መስከረም መጨረሻ የኢቦላ ሕመምተኛ በዚሁ ሰፈር አርፎ እንደነበር ሲታወቅ የቪከሪ ሜዶ ስም በዓለም ዙሪያ ተሰማ። ከሕመምተኛው ጋር የተገናኙ ልጆች ከየትምህርት ቤታቸው ቀርተው በቤት እንዲቆዩ ተደረገ። ብዙ ወላጆችም ደንግጠው ልጆቻቸውን አስቀሩ። በእንዲህ ያለ ቀን ትምህርት ቤት ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ እውነቱን መናገር አለበት፤ ወላጁም የተነገረውን ማመን አለበት። ያ መተማመን በዚያው ቀን ሊፈጠር አይችልም። ከዚያ በፊት በነበሩት ተራ ቀኖች የተሠራ መሆን አለበት።

እንግዲያው በዚህ ሰፈር የሚሾም አዲስ ርዕሰ መምህር በመጀመሪያው ዓመት ምን ቢያደርግ እወዳለሁ? መጀመሪያ ከቢሮ ይውጣ። ጧት ልጆች ሲገቡ፣ ከሰዓት ሲወጡ በር ላይ ይታይ። በየክፍሉ ይግባ፤ ለመገምገም ብቻ ሳይሆን መምህሩ ምን እንደሚቸግረው ለማወቅ። የቆዩትን መምህራን፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችን፣ የጽዳትና የምግብ ቤት ሠራተኞችን ይጠይቅ፤ ትምህርት ቤቱ ከዚህ በፊት ምን ሞክሮ ለምን እንዳልሠራ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ቀጥሎ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ድልድሉን ያንብብ። የአንድ ትምህርት ቤት እውነተኛ እምነት የሚነበበው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው መፈክር ሳይሆን ከዚያ ሰሌዳ ነው። ዛሬ ከአውሮፕላን የወረደውን፣ እንግሊዝኛ የማይሰማውን ልጅ የሚያስተምረው ማን ነው? በብዙ ቦታ አዲሱ፣ ልምድ የሌለው መምህር ለከባዱ ክፍል ይሰጣል፤ ነባሩ መምህር ደግሞ የቀለለውን ይይዛል። ይህን መለወጥ ደፋርነት ይጠይቃል፤ የነባሮቹን ምቾት ይነካልና። ስለዚህ ብቻውን አያድርገው። ለነባሮቹ መረጃውን ያሳያቸው፤ ከእነርሱ መካከል የተከበረው መምህር ቀድሞ ከባዱን ክፍል እንዲይዝ ይለምነው። የተከበረ መምህር የጀመረውን ሌላው ይከተላል።

ከዚያ ብዙ ነገር አይጀምር። አንድ ወይም ሁለት ይምረጥ። ለምሳሌ ልጁ ከሦስተኛ ክፍል በፊት ማንበብ እንዲችል፤ ልጁ ከትምህርት እንዳይቀር። ለዚህ ሥራ ምክትሉንና ሁለት ሦስት መምህራንን ከመጀመሪያው ያሠልጥን። እርሱ ነገ ቢዛወር በማግሥቱ ጧት ሥራው ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ፤ ከሁሉ የሚከብደኝም ይኸው ነው። እኛ መምህርን አክብረን ያደግን ሰዎች ነን። ልጃችንን ለየኔታ አስረክበን ጣልቃ አለመግባት ጨዋነት ነበር። ወደ ትምህርት ቤት የምንጠራው ልጁ ሲያጠፋ ነው፤ «ወላጅ አምጣ!» የሚለው ቃል ዛሬም ያስደነግጠናል። ስለዚህ እዚህ አገር ካልተጠራን አንሄድም፤ ሄደንም ዝም እንላለን። እኛ አክብሮት ብለን የያዝነውን ዝምታ እዚህ ያለው ርዕሰ መምህር ግን ግድ እንደሌለን አድርጎ ሊያየው ይችላል። በአገራችን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚልም አለ። በልጅ ጉዳይ ሁለተኛውን እንያዝ።

የምንናገርበት ወንበርም ተዘጋጅቶልናል። በቴክሳስ ሕግ እያንዳንዱ ርዕሰ መምህር በየዓመቱ የትምህርት ቤቱን የማሻሻያ ዕቅድ የሚያዘጋጀው ወላጆችና የአካባቢ ሰዎች ካሉበት ኮሚቴ ጋር ነው። በአገራችን የወላጅ መምህር ኅብረት የምንለውን የሚመስል ነው። የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን ምደባ የሚወስነው ኮሚቴም የእነዚህ ልጆች ወላጅ የሆነ አባል አለው። በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳን ፍራንሲስኮ የቻይናውያን ልጆች ጉዳይ ላይ ሲፈርድ፣ ቋንቋውን ለማይሰማ ልጅ ለሌላው የሚሰጠውን መጽሐፍ መስጠት ብቻውን እኩልነት እንዳልሆነ አረጋግጧል። ስለዚህ አስተርጓሚ ስትጠይቁ ችሮታ እየለመናችሁ አይደለም። የአሥር ዓመት ልጃችሁን ስለራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ አታድርጉት። የልጁንም የአባቱንም ክብር ይነካል፤ የሚተረጉመውም የሚስማማውን ነው።

አንድ ችግር እንዳለ አውቃለሁ። «ቀሪዎቹ እኛ ነን» አልሁ፤ ግን ቪከሪ ሜዶ የተከራይ ሰፈር ነው። የኪራይ ውል ያልቃል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ ኑሮም ሲሻሻል ብዙው ወደ ጎረቤት ከተሞቹ ወደ ጋርላንድ ወይም ወደ ሪቻርድሰን ይሄዳል። ልጁም በዓመቱ መካከል ትምህርት ቤት ይቀይራል። ለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። የምትችሉ የቤት ለውጣችሁን እስከ ክረምት ዕረፍት አዘግዩት፤ በዓመቱ መካከል የሚዛወር ልጅ ጓደኛም መምህርም ያጣል። ሁለተኛው፣ ሰው ቢሄድም ተቋም ይቀራል። ማኅበራችን፣ ቤተ ክርስቲያናችን፣ መስጊዳችን፣ ዕድራችን ይቀራሉ። ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል የሚያስቆጥሩት ወጣቶች ከትምህርት ቤቱ የንባብ መምህራን ጋር ሊተዋወቁ ይገባል፤ በአማርኛ ማንበብን የለመደ ልጅ ያን ችሎታ ወደ እንግሊዝኛው ይዞት ይገባልና። በየኮሚቴው የተቀመጠ ወላጅ ሲለቅ ተተኪውን የሚያዘጋጅ አንድ ሰው ማኅበሩ ይመድብ። እንዲህ ከሆነ ርዕሰ መምህር ቢለወጥ፣ ቤተሰብም ቢዛወር፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ምን ጊዜም አይጠፋም።

እዚህ ያላችሁ መምህራንና ረዳት መምህራንም ሸክማችሁን አውቃለሁ። አዲስ አለቃ በመጣ ቁጥር አዲስ መመሪያ የሰለቻችሁ ናችሁ። መሰልቸታችሁ አይፈረድበትም። ነገር ግን «ይህም ያልፋል» ብሎ መጠበቅ ልጁን አያስጠብቀውም፤ የእርሱ ሦስተኛ ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሚጠቅመውን ለይታችሁ ያዙ፤ የማይጠቅመውን በግልጽ ተናገሩ።

በመጨረሻ ከዚህ አዳራሽ አንድ ሥራ ይዘን እንድንወጣ እሻለሁ። በዚህ ዓመት ልጃችሁ የሚማርበት ትምህርት ቤት አዲስ ርዕሰ መምህር ቢመጣለት፣ ወይም ነባሩ ቢቀጥል፣ ሁለት ሦስት ወላጆች ሆናችሁ ቀጠሮ ያዙ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ሦስት ጥያቄም አቅርቡ። በዚህ ዓመት ከሁሉ አስቀድመው ሊለውጡት ያሰቡት አንድ ነገር ምንድን ነው? አዲስ የመጡትን ልጆች የሚያስተምሩት ከመምህራንዎ የትኞቹ ናቸው? እርስዎ ቢዛወሩ ይህን ሥራ ማን ይቀጥለዋል? ከዚያም አራተኛውን እናንተ ራሳችሁ መልሱት፦ «እኛስ ምን እናድርግ?» ብላችሁ የምትችሉትን አንድ ነገር ቃል ግቡ፤ የገባችሁትንም ፈጽሙ።

ጎበዝ ርዕሰ መምህር እንዲመጣልን እንጸልይ፤ ሲመጣም እናግዘው። ከዚያ የበለጠ ግን፣ ማንም ቢመጣ መልካሙን ተቀብሎ የሚያቆይ ወላጅና መምህር እንሁን። ይህን ካደረግን የልጆቻችን ትምህርት በአንድ ሰው ሹመትና ሽረት አይወሰንም።